የባሌ ውሃ ወዴት ይደርሳል?

(ምስል፦ የሳነቴ አምባ፣ ማለዳ። የነፋሱ ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻውን ይሰማ።)

ተራኪ፦ ከጎባ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲደርስ ሜዳ ይሆናል። ሳነቴ ነው። ከፊት ለፊት ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር። ዝናቡና ጉሙ እዚህ ያርፋል። ረግረጉ ይዞ ያቆየዋል፤ ከዚያም ቀስ እያለ ለዌብ፣ ለወልመል፣ ለዱማልና ለሌሎቹም ወንዞች ያካፍላል። በዚህ ተራራ ውሃ የሚኖረው ሕዝብ 12 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል።

(ምስል፦ የዌብ ሸለቆ፤ የዓለት ጥላ።)

ተራኪ፦ በዌብ ሸለቆ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት ጥላ አለ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች እዚህ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። እሳት ያነደዱበት ምድጃ ተገኝቷል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል። መሣሪያቸውን የቀረጹበትን ባልጩት ያመጡት ከዚያም በላይ፣ ከ4,200 ሜትር ከፍታ ነው። አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ውርጭ፤ ታዲያ ምን አወጣቸው? ያኔ የባሌ አናት በከፊል የበረዶ ግግር ነበር፤ ከተራራው በታች ያለው አገር ደግሞ ድርቅ ያለ። ሰዎቹ በረዶው እየቀለጠ ወደሚወርድበት ተጠጉ። ውሃው የት እንዳለ ያወቀ ሰነበተ።

የባሌ አርብቶ አደሮችም በጎደንቱ ሥርዓታቸው ወቅቱን እያዩ ከብቶቻቸውን በቆላው፣ በጫካውና በደጋው መካከል፣ ማዕድን ወዳለበት ምንጭ ወደ ሆራውም ያመላልሳሉ። ይህም የውሃ እውቀት ነው።

(ምስል፦ በወንዝ ዳር የቆመ ባለ ቁጥር ዘንግ፤ ቀጥሎ ከድልድይ ላይ የተገጠመ መለኪያ።)

ተራኪ፦ ወንዝ ሲለካ የኖረው በዚህ ዘንግ ነው። መዝጋቢው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ወርዶ የውሃውን ከፍታ ይጽፋል። እኩለ ሌሊት ላይ መጥቶ ሳይነጋ ያለፈ ደራሽ ጎርፍ መዝገቡ ውስጥ አይገኝም። የራዳር መለኪያ ይህን ክፍተት ይዘጋል፤ ሌት ተቀን እየለካ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። ነገር ግን የሚልከው ከፍታን ብቻ ነው። በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንዳለፈ ለማወቅ ባለሙያ ወንዙ ድረስ ወርዶ ፍጥነቱን፣ ጥልቀቱንና ስፋቱን መለካት አለበት። ጎርፍ የወንዙን ወለል በለወጠው ቁጥር ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሳተላይቱም እንዲሁ ነው። የደመናውን አናት ቅዝቃዜ አይቶ ዝናቡን ይገምታል። በባሌው የሐረና ጫካ ግን ዛፉ ከጉም ላይ ውሃ ይለቅማል፤ ይህን ከሰማይ ሆኖ ማየት አይቻልም። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው የአየር ንብረት ተመራማሪ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ የደከሙትም ለዚህ ነው፤ የሳተላይቱን ግምት የሜትዎሮሎጂ ጣቢያዎች በመሬት ላይ ከለኩት ጋር አዋህደው የሚሠሩበትን ዘዴ ከኢትዮጵያ ጀምረው ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም አድርሰዋል። ጣቢያ በሌለበት ሳተላይቱ ይረዳል፤ ጣቢያውም ሳተላይቱን ያርማል።

(ምስል፦ የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ከአየር ላይ።)

ተራኪ፦ ይህ ዝግጅት የሚያበቃው እዚህ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ፣ ቁመቱ 110 ሜትር፣ ኃይሉ 254 ሜጋ ዋት። የሚያኮራ ሥራ ነው። ውሃውን የተከተለ ሰው ግን እዚህ ሊቆም አይችልም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከዱ። አጭሩ ዝናብ ሀጋያ ቀረ፤ ዋናው ዝናብ ጋናም ቀረ። ከብድሬ ከተማ ወዲያ ባለው የባሌ ቆላ፣ በቦረናም ከብት አለቀ። ትንበያው አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ትንበያው ግን መኖ ሆኖ በጊዜ አልደረሰም።

ድርቁ አልፎ ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የሸበሌ ወንዝ ሞልቶ የሶማሊያዋን በለድወይን አጥለቀለቀ። ከ200 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ብዙው ዝናብ የወረደው እዚህ፣ በእኛ ደጋ ነው። ግድቡ የተሠራበት ገናሌም ዶሎ ላይ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይባላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ለሶማሊያ ሕዝብ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲያዘጋጁ የኢትዮጵያን ደጋ ዝናብ በሳተላይት ይከታተላሉ። ጎርፉ ከተራራው ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ ቀናት ይወስዳል፤ እነዚያ ቀናት ሕፃን ለማሻገር፣ እህል ለማውጣት ይበቃሉ።

ስለዚህ በባሌዋ ከተማ በሮቤ የሚለካ ዝናብ የሮቤ ብቻ ጉዳይ አይደለም። መለኪያውን የሚጠግነው ባለሙያ በጀትና መኪና ይኑረው። ቁጥሩ ከቢሮ ወጥቶ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በሬዲዮ ይነገር፤ ድንበሩንም ይሻገር። ትንበያ ሲወጣ የመኖና የእህል መጋዘን አብሮት ይከፈት። ሐረናና ሳነቴም ይጠበቁ፤ ጫካው ከተመነጠረ፣ ረግረጉም ከደረቀ፣ የቱም መሣሪያ የሚለካው ጉዳታችንን ብቻ ይሆናል።