ስለ ወጣቶች የዋና ውድድር፦ ሰዓት ምስክር እንጂ መምህር አይደለም

ሰውነትን ከሚያጠነክሩት ጨዋታዎች መካከል ዋና እጅግ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ሰው የተፈጠረው በምድር ላይ ለመሄድ ስለ ሆነ፥ ከውሃ ውስጥ ሲገባ መተንፈስን እንኳ እንደ ገና ሊማር ግድ ይሆንበታል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ በልዩ ልዩ አገር የሕፃናት የዋና ውድድር በሚደረግበት ገንዳ ዳር የሚታየው ልማድ የሚያሳዝን ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ዋኝቶ ሲወጣ፥ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ፥ ወላጆቹ የሚጠይቁት «ከግድግዳው እንዴት ዞርህ? ትንፋሽህንስ እንዴት ያዝህ?» ብለው አይደለም፤ «ስንት ሰኮንድ ፈጀብህ?» ብለው ነው እንጂ። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋጋው በሰኮንድ የሚመዘን ይመስለዋል። ሰኮንዱ ያነሰለት ቀን ይኰራል፤ የበዛበት ቀን ያፍራል፤ እፍረቱም በተደጋገመ ጊዜ ገንዳውን ጨርሶ ይተወዋል።

የዚህ ልማድ ስሕተት የሚታወቀው የውሃን ጠባይ በመረዳት ነው። ውሃ መጠኑ እኩል ከሆነ አየር ይልቅ ስምንት መቶ ጊዜ ያህል ይከብዳል። ደግሞም ዋናተኛው ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ቢፈልግ፥ ውሃው የሚገታው ኀይል አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። እንግዲህ ውሃን በጕልበት ብቻ አሸንፋለሁ የሚል ሰው ከንቱ ይደክማል። ራሱን ቀና ያደረገ ልጅ እግሩ ወደ ታች ይሰጥማል፤ እግሩ ከሰጠመም ሰውነቱ እንደ ሰፊ ሳንቃ ውሃውን እየገፋ ይሄዳል። ራሱን ዝቅ፥ ወገቡን ከፍ አድርጎ እንደ ቀስት የተዘረጋ ልጅ ግን በዚያው ጕልበት እጅግ ይርቃል። ስለዚህ በዋና ትምህርት ፊተኛው ነገር ኀይልን መጨመር ሳይሆን እንቅፋትን መቀነስ ነው።

ለዚህም ጆኒ ዋይስሙለር ጥሩ ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው በ1904 ተወልዶ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋራ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሲሆን፥ በ1920 በቺካጎ ከተማ ሚስተር ዊልያም ባክራክ ለሚባሉ የዋና መምህር ተማሪ ሆነ። ልጁ ረጅምና ጕልበታም ነበር። መምህሩ ግን አዋዋኙ እስኪስተካከል ድረስ ወደ ታላቅ ውድድር አላወጡትም። ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የእጁን አቀዛዘፍ፥ የእግሩን አመታት፥ የትንፋሹን አወሳሰድ፥ ይልቁንም ሰውነቱን ሳያስጨንቅ ማላላትን አስተማሩት። በነሐሴ 1921 ለውድድር ባወጡት ጊዜ አሸነፈ። በሐምሌ 1922 ደግሞ 100 ሜትር በ58.6 ሰኮንድ ዋኝቶ፥ ይህን ርቀት ከአንድ ደቂቃ በታች የፈጸመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1924 በፓሪስና በ1928 በአምስተርዳም በተደረጉት የኦሎምፒክ ጨዋታዎችም በዋና አምስት የወርቅ ሜዳይ አገኘ። ሰዓቱን ያገኘው ሰዓቱን በማሳደድ አይደለም፤ ሥራውን አስቀድሞ ስላበጀ ሰዓቱ ራሱ ተከተለው።

ከዚህም ሌላ ሰዓት ያየውን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ሁለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች አብረው ቢዋኙ፥ ቀድሞ ያደገው ቁመቱና ክንዱ ስለ ረዘመ ብቻ ሊቀድም ይችላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ያ ትንሹ ልጅ በቁመት ሲደርስበት፥ አዋዋኙን ያላሳመረው ቀዳሚ ወደ ኋላ ይቀራል። በታላላቆቹም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል። በ2009 በሮማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፥ ሰውነትን በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልዩ ልብስ ተለብሶ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ልብሱ ተከለከለ። ዋናተኞቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ሰው አልሆኑም፤ ሰዓቱ ግን የልብሱን ሥራ ከሰውየው ሥራ ለይቶ አልተናገረም።

በፍጥነት የተማረ ስሕተትም በቀላሉ አይነቀልም። አንድ ልጅ 25 ሜትሩን ገንዳ በ20 ቀዘፋ ቢያቋርጥ፥ በአንድ ቀን ልምምድ 4 ኪሎ ሜትር ሲዋኝ 3200 ጊዜ ይቀዝፋል። አቀዛዘፉ የተበላሸ ከሆነ 3200 ጊዜ ስሕተቱን ያጠናል፤ ትከሻውም ይታመማል። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ ፊደል ከቈጠረ በኋላ በግእዝ ንባብ፥ ቀጥሎም በውርድ ንባብ አልፎ ወደ ቁም ንባብ የሚደርሰው ስለዚህ ነው። መጣልና ማንሣቱን ሳያውቅ በቁም ንባብ የሚሮጥ ተማሪ መምህሩ ወደ ኋላ ይመልሰዋል እንጂ ስለ ፍጥነቱ አያመሰግነውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

አዋዋኝን ማሳመር ብቻውን አይበቃም፤ ዝግጅትም ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ በባልቲሞር ከተማ የሚስተር ቦብ ቦውማን ተማሪ ነበር። መምህሩ ልጁ ማታ ሳይተኛ ውድድሩን ከዝላዩ እስከ መጨረሻው በሐሳቡ እንዲያየው፥ ችግር ቢገጥመው የሚያደርገውንም እንዲያስብ አስለመዱት። አንድ ጊዜም በአውስትራሊያ ሳለ ውሃ እንዲገባበት ብለው መነጽሩን ሆን ብለው ረገጡበት። በነሐሴ 2008 በቤጂንግ የ200 ሜትር የቢራቢሮ ዋና ፍጻሜ ላይ መነጽሩ በእውነት ውሃ ሞላበትና ግድግዳውን ማየት ተሳነው። እርሱ ግን አልደነገጠም፤ ቀዘፋውን እየቈጠረ ሄዶ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰኮንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። በዚያች ሰዓት ያዳነው አስቀድሞ ያከማቸው ዝግጅት ነው።

ምናልባት «ውድድርን የሚፈርደው በመጨረሻ ሰዓት አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሰዓት ይፈርዳል። ነገር ግን የዋና ሕግ ራሱ ከሰዓት በፊት ሥርዓትን ያስቀድማል። በደረት ዋናና በቢራቢሮ ዋና ግድግዳውን በሁለት እጁ በአንድነት ያልነካ ልጅ፥ ምንም ቢፈጥን ከውድድሩ ይሰረዛል፤ ሰዓቱም አይጻፍለትም። ስለዚህ ሰዓትን መተው አይገባም፤ በሥፍራው ማኖር ነው የሚገባው። ሰዓት በዓመት ጥቂት ጊዜ ተጠርቶ ቃሉን የሚሰጥ ምስክር ይሁን እንጂ፥ በየቀኑ በትር ይዞ የሚቆም መምህር አይሁን።

እንግዲህ የወጣቶችን ውድድር የሚያሰናዱ ሹማምንት፥ ለታናናሾቹ ልጆች ከፍጥነት ሽልማት ጋራ የአዋዋኝንና የአዟዟርን ሽልማት ቢጨምሩ መልካም ነው። አሠልጣኞችም ልጁ ገንዳውን ባነሰ ቀዘፋ እንዲያቋርጥ ያስቈጥሩት። ወላጆች ደግሞ የልጁ እንቅልፍና ምግብ በጊዜው እንዲሆን፥ ከውድድሩም በፊት ሰውነቱን እንዲያሟሙቅ ይጠንቀቁ። ከውሃው ሲወጣም አስቀድመው ፎጣ ያልብሱት፤ ቀጥለውም «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብለው ይጠይቁት። ይህን የሚመልስ ነገር ያለው ልጅ፥ በዚያ ቀን ቢሸነፍ እንኳ፥ በማግሥቱ ወደ ገንዳው ይመለሳል።