ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሥራ መሀል ድርግም ብሎ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ፎርማት ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ዊንዶውስ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የስህተት ስክሪን ያሳያል ወይም ደርቆ ይቀራል፤ ያለ ምንም ምልክት፣ ሶኬቱ የተነቀለ ያህል ጭጭ ካለ ግን ጥርጣሬው ወደ ሙቀትና ወደ ፓወር ሰፕላይ ማዘንበል አለበት። ጌም ወይም ቪዲዮ ኤዲቲንግ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ገመዱን ነቅላችሁ ጎኑን ክፈቱና የፕሮሰሰሩን ፋን እዩት፤ አቧራው በሂትሲንኩ ክንፎች መሀል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ ከሥሩ ያለው ቴርማል ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። ብዙ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።

«ኢቨንት ቪወር ከርነል ፓወር 41 ስለሚል ችግሩ ዊንዶውሱ ነው» የሚሉ አሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው፤ መንስኤውን አይደለም። «አምፖሉ ሳይጠፋ ኮምፒውተሩ ለምን ይጠፋል?» የሚለው ግን ጠንከር ያለ ጥያቄ ነው። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ እንኳ መብራት ሲቋረጥ የሚሸከመው ለ16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ካፓሲተሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ዓይን ያላየው መቆራረጥ ይበቃዋል። ሙቀቱ ደህና ከሆነ እንግዲህ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ቀይሩና ለጥቂት ቀናት ሞክሩት።