አንዱ ወይን በሁለት ቀን፦ ስለ ጣዕም መለዋወጥ ተረትና እውነታ

ባለፈው እሑድ መዓዛው የተመሰገነ ወይን ጠጅ፣ ከዚያው መደብር ተገዝቶ በዚያው ገበታ ላይ በሌላ ቀን ሲቀዳ መራራና ደብዛዛ ሆኖ መገኘቱ ወይን ጠጅ ለሚወዱ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። ምክንያቱን ለመግለጽ ብዙ ሐሳብ ይሰነዘራል፤ ሆኖም እውነቱን ከተረቱ መለየት ይገባል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው በወይኑም፣ በሻጩም፣ በራሱም ምላስ ላይ ያለ ፍትሕ ይፈርዳልና።

ተረት፦ አንድ ስምና አንድ የምርት ዘመን የተጻፈባቸው ጠርሙሶች ሁሉ አንድ ናቸው።

እውነታ፦ በአንድ ቀን የታሸጉ ጠርሙሶች እንኳ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ጠባያቸው ይለያያል፤ ከዛፍ ቅርፊት የሚሠራው ቡሽ የተፈጥሮ ነገር እንደ መሆኑ፣ አንዱ አየሩን አጥብቆ ሲከለክል ሌላው ጥቂት በጥቂት ያሳልፋልና። ትሪክሎሮአኒሶል የሚባለው ውሑድ በቡሹ ውስጥ የተገኘ እንደ ሆነም፣ በአንድ ሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ገብቶ የወይኑን መዓዛ ያጠፋል፤ በምትኩም የሻገተ የእርጥብ ወረቀት ሽታ ይተካል። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ኦክስጅን ሥራውን ስለሚቀጥል፣ ትናንት ተከፍቶ ዛሬ የሚጠጣው ወይን በእርግጥ ተለውጧል።

ተረት፦ ቀይ ወይን በቤቱ ሙቀት ልክ መጠጣት አለበት።

እውነታ፦ ይህ ምክር የመጣው ከቀዝቃዛዎቹ የቀድሞ የአውሮፓ ቤቶች ነው። ለቀይ ወይን የሚስማማው ሙቀት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ የድሬዳዋ ቀትር ከዚህ እጅግ ያልፋል። ሙቀት ሲበዛ አልኮሉ ተንኖ አፍንጫን ይወጋል፤ ብርድ ሲበዛ መዓዛው ይታፈናል፣ ታኒን የተባለው የወይኑ ውሑድም ምሬቱ ይጎላል።

ተረት፦ የወይንን ጣዕም የሚለውጡት ጨረቃና የአየሩ ሁኔታ ናቸው።

እውነታ፦ ማሪያ ቱን የተባሉ ጀርመናዊት ለገበሬዎች ያዘጋጁት የዘር አቆጣጠር፣ ጨረቃ በየትኛው የከዋክብት ማኅደር እንዳለች በመመልከት ዕለታትን የፍሬ፣ የአበባ፣ የቅጠልና የሥር ብሎ ይከፍላቸዋል፤ ይህንኑ ወደ መጠጥ የወሰዱ ሰዎችም ወይን በፍሬ ቀን ያምራል፣ በሥር ቀን ይከፋል ብለው ያስተምራሉ። ነገሩን ለመመርመር በኒውዚላንድ 19 የወይን ባለሙያዎች 12 የፒኖ ኗር ወይኖችን ማንነታቸው ሳይነገራቸው በፍሬም በሥርም ቀን ቀመሱ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ግን ለአቆጣጠሩ አንዳች ድጋፍ አልሰጠም። የአየር ግፊትን በሚመለከትም፣ ከባቱ የወይን እርሻዎች ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው በጥቂት ሰዓት ጉዞ የሚያልፍበት የግፊት ልዩነት፣ በከተማይቱ ላይ ደመናና ፀሐይ ሲፈራረቁ ከሚደርሰው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ለወይኑ መክፋት የጠቆረውን ሰማይ መውቀስ አይገባም።

ተረት፦ ወይኑ ካልተለወጠ ጣዕሙ ሊለወጥ አይችልም።

እውነታ፦ ጣዕም የምንለው በመጠጡና በጠጪው ሕዋሳት መካከል የሚፈጸም ነገር ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲለወጥ ይለወጣል። አብዛኛው የሚገኘው ከምላስ ይልቅ በአፍንጫ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ከወይኑ ጣፋጭነቱን፣ ኮምጣጣነቱንና ምሬቱን ብቻ ያገኛል። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር የጣፋጭነትን ስሜት ለጊዜው ቀንሶ ምሬትን ያጎላል፤ በርበሬው የበረታ ወጥም የአልኮሉን ማቃጠል ያብሰዋል።

ተረት፦ የዐዋቂ ምላስ አይሳሳትም።

እውነታ፦ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ የወይን ጥበብ የሚማሩ 54 ተማሪዎች፣ ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ሲቀርብላቸው፣ መዓዛውን ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት፤ ጥናቱ የታተመው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓይን አስቀድሞ የፈረደውን አፍንጫ ተከተለ ማለት ነው። ሮበርት ሆጅሰን የተባሉ አሜሪካዊ ደግሞ በካሊፎርኒያ የወይን ውድድር ለዳኞች ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ከሌሎች ጋር ቀላቅለው ሦስት ጊዜ ሲያቀርቡ፣ በሦስቱም ጊዜ ተቀራራቢ ፍርድ የሰጡት ከዳኞቹ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ይህም በ2008 እ.ኤ.አ. ተገለጸ። ከዚህ የምንረዳው ዳኞቹ አላዋቂዎች መሆናቸውን ሳይሆን፣ ልቡና የሚጠብቀውና ቀደም ሲል የተቀመሰው ነገር በማንኛውም ሰው ሕዋሳት ላይ ሥልጣን ያላቸው መሆኑን ነው።

እንግዲህ አንድን ወይን በእውነት ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ፣ የወይኑን ሙቀት አስተካክሎ፣ ዋጋውንና ዝናውን ሳይሰማ ይቅመሰው፤ ደስ ባይለውም ፍርዱን አዘግይቶ በሌላ ቀን ከሌላ ጠርሙስ ይድገመው፤ ሁለተኛው ቅምሻም የፊተኛውን ካጸና፣ ያን ጊዜ ወይኑን ቢነቅፈውም ቢያመሰግነውም ቃሉ የታመነ ይሆናል።