ሌባ ቤት ሲገባ ጎራዴ ማንሣት እስከ የት ይፈቀዳል?
«ሌሊት ሌባ ቢገባብኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያቴን ጎራዴ ባነሣ እታሰራለሁ ወይ?» ደንበኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት፣ ራስን ወይም ሌላን ሰው ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከተቃረበ ሕገ ወጥ ጥቃት ለማዳን የተፈጸመ ድርጊት አያስቀጣም። ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ያልተቻለ፣ አጸፋውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት።

ገጀራ ይዞ ልጆች ወደተኙበት ክፍል የሚገባና ቴሌቪዥን ተሸክሞ አጥር የሚዘል ሰው አንድ አይደሉም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚሮጥን ሰው በጎራዴ መምታት መከላከል አይባልም፤ ንብረቱ የእናንተ ቢሆንም። ተይዞ የታሰረን ሌባ መደብደብም ያው ነው፤ በየሰፈሩ ስለማየው አጥብቄ እናገራለሁ።

ድንጋጤስ? ከልኩ ላለፈ ሰው አንቀጽ 79 ቅጣቱን ያቀልለታል። ከልኩ ያለፈው ግን ጥቃቱ ባመጣበት፣ ይቅር ሊባል በሚገባ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። ልኩን አልፎ ሆን ብሎ የገደለ ግን በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤተሰቡን አንድ ክፍል ሰብስቡ፤ ከውስጥ ቆልፉ፤ ኡኡ ብላችሁ ጎረቤት ጥሩ፤ 991 ደውሉ። በጨለማ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ የተሰነዘረ ጎራዴ የገዛ ልጅን ሊያገኝ ይችላል። ሰው ከተጎዳ ቁስለኛውን፣ ሌባም ቢሆን፣ ወደ ሕክምና አድርሱ። ፖሊስ እስኪመጣ ቦታውን አትነካኩ፣ ደሙንም አትጠቡ፤ የሌባው ገጀራ የወደቀበት ስፍራ ለእናንተ የሚመሰክር ማስረጃ ነው።