ያልተጻፈው ሕግ፦ ማኅበራዊ ደንብ እንዴት ይጸናል? እንዴትስ ይፈርሳል?

በደጋ አገር፣ በጥቅምት ማለዳ፣ ሁሉም ሰው ጋቢውን ይደርባል። ጋቢ ሳይደርብ የወጣ ቢኖር የሚያየው ሰው «አይበርደውምን?» ብሎ ያልፋል እንጂ አይቆጣውም። ደማቅ ቀይ ልብስ ለብሶ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ማንም ባይናገረው እንኳ ዓይን ሁሉ ያርፍበታል፤ ወሬውም ከእርሱ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። በሁለቱም ዘንድ ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋሉ። ሆኖም የመጀመሪያው ተራ ልማድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የባሕርይ ሳይንስ ሊቃውንት «ኖርም» የሚሉት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ ማኅበራዊ ደንብ የምንለው ነው። ጋቢ የምንደርበው ስለሚበርደን ነው፤ ሌሎች ደረቡ አልደረቡ ለውጥ የለውም። ደንብን የምንጠብቀው ግን ሌሎች እንደሚጠብቁት ስለምናምን፣ እኛም እንድንጠብቀው እንደሚፈልጉ ስለምናውቅ ነው። አማርኛችን ለዚህ ስሜት «ይሉኝታ» የሚል ስም አለው፤ «ምን ይሉኛል?» ከሚለው ጋር ያለውን ዝምድና ላስተዋለ ሰው ትርጓሜው በራሱ ውስጥ ነው።

ለመሆኑ ይህ ባሕርይ የሚታየው ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው? በጀርመን አገር በላይፕሲሽ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለሕፃናት አዲስ ጨዋታ አስተማሩ። ከዚያም አንድ አሻንጉሊት መጥቶ ያንኑ ጨዋታ በሌላ መንገድ እንዲጫወት አደረጉ። የሦስት ዓመት ሕፃናት «እንደዚህ አይደለም!» እያሉ ተቃወሙ። የተጎዳ የለም፣ የተወሰደባቸውም ነገር የለም፤ ደንቡም ከጥቂት ደቂቃ በፊት የተማሩት ነበር። ታናሽ እኅት ወይም ወንድም ያለው አንባቢ በዚህ ውጤት ብዙም አይደነቅም ብለን እንገምታለን።

ደንብ ከምንም ተነሥቶ ሊፈጠር እንደሚችል ያሳየው ደግሞ ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የቱርክ ተወላጅ ሳይኮሎጂስት ነው። ፍጹም ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ ያለች የማትንቀሳቀስ የብርሃን ነጥብ፣ ዓይን ማነጻጸሪያ ስለሚያጣ፣ የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናቱ ሰዎች ነጥቧ ምን ያህል ርቀት እንደተጓዘች እንዲገምቱ ጠየቀ። በቡድን ሆነው ሲገምቱ ግምታቸው እየተቀራረበ ሄደ፤ በኋላ ለየብቻቸው ሲጠየቁም ከቡድኑ ግምት አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄኮብስና ካምቤል ይህንኑ ሙከራ አንድ እርምጃ ወሰዱት። ሆን ብለው የተጋነነ ግምት የሚሰጡ ተባባሪዎችን በቡድኑ ውስጥ ካስገቡ በኋላ አባላቱን አንድ በአንድ በአዲስ ሰው ተኩ። ውሸቱን የጀመሩት ሁሉ ከወጡም በኋላ ግነቱ ለአራትና ለአምስት «ትውልድ» ያህል ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከስሞ ጠፋ።

ለምን ጠፋ? ከግምቱ የወጣን ሰው የሚቀጣ ስላልነበረ ነው እንላለን። በገሃዱ ዓለም ግን ቅጣት አለ፤ ሐሜት፣ መገለል፣ ከዕድር መሰረዝ፣ ትዳር ማጣት። ቦይድና ሪቸርሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ሒሳባዊ ሞዴል ቅጣት መተባበርን ሊያጸና እንደሚችል አሳዩ። ነገር ግን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አከሉ፤ ቅጣት ሊያጸና የሚችለው መተባበርን ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም ነገር ነው። ደንቡ ይጥቀም ይጉዳ፣ ጥሶ መገኘት ከመፈጸም የበለጠ ዋጋ እስካስከፈለ ድረስ ይኖራል።

የሁለቱንም ፊት በአገራችን እናገኛለን።

መልካሙን ከባሌ እንጀምር። ሩስታጊ፣ ኤንግልና ኮስፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች በባሌ ኦሮሞ ማኅበረሰብ ውስጥ ደን በጋራ የሚያስተዳድሩ 49 ቡድኖችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። 679 አባላት የማይተዋወቁ ተጫዋቾች ገንዘብ በጋራ የሚያዋጡበትን ጨዋታ ተጫወቱ። በዚህም ማን «ሌላው ካዋጣ አዋጣለሁ» የሚል እንደሆነ፣ ማንስ ሌላው ባዋጣው ለመጠቀም ብቻ እንደሚፈልግ ተለየ። ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ድርሻቸው ግን ከቡድን ቡድን እጅግ ይለያይ ነበር። ከዚያም ተመራማሪዎቹ ወደ ደኑ ገብተው በሄክታር ያሉትን ወጣት ዛፎች ቆጠሩ። «ካዋጣህ አዋጣለሁ» ባዮች የበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ የእነርሱ ቸርነት ብቻ አልነበረም፤ ጊዜያቸውን ሠውተው ደኑን እየዞሩ ይጠብቁ ነበር። በጨዋታ የሚታየው ባሕርይ በዛፍ ቁጥር ሲገለጥ ማየት በዚህ የጥናት መስክ ዘወትር የሚያጋጥም ዕድል አይደለም።

ሁለተኛው ፊት የሴት ልጅ ግርዛት ነው። እናት ለልጇ ክፉ አታስብም፤ ብዙ እናቶች ሕመሙን በራሳቸው አካል ያውቁታል። ይሁንና ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ተብሎ በሚታመንበት አገር አንዲት ቤተሰብ ብቻዋን ድርጊቱን ብትተው የምትጎዳው ልጅቱን ነው። እያንዳንዱ ጎረቤት በልቡ ቢጠላው እንኳ ሌላው ይፈልገዋል ብሎ ስለሚያስብ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ድጋፍ ይቆጠራል።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር በከምባታ ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን ድርጅት ሲመሠርቱ የገጠማቸው ይህ ነበር። እርሳቸው በኢየሩሳሌም ማይክሮባዮሎጂ የተማሩ የሳይንስ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ ስለ ጉዳቱ ማስረዳት አይሳናቸውም ነበር። ሕዝቡ ግን አስቀድሞ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር፤ ድልድዩም ተሠራ። ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቱም፣ ወጣቱም አዛውንቱም በየጊዜው ተሰብስቦ የሚነጋገርበት መድረክ ተከፈተ። በንግግሩ የተገኘው ዋና ነገር የሕክምና ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ልብ ማወቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ ይህንኑ በአደባባይ አሳውቃ፣ ሙሽራውም በዚህ ደስ መሰኘቱን ገልጦ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተጋቡ። «ባል አታገኝም» የሚለው እምነት የሚፈርሰው በስብከት ሳይሆን ባል ያገኘች ልጅ ስትታይ ነው። ቀጥለውም ሌሎች ሠርጎች ተከተሉ።

ድርጊቱን ወንጀል ያደረገው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ከዚያ ሠርግ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሕግ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ደንቡን መተው ለሚፈልግ ቤተሰብ መከታ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ጎረቤቱ አሁንም ይጠብቅብኛል ብሎ በሚያምንበት ስፍራ ሕጉ ድርጊቱን ከቀን ወደ ሌሊት ሊያዛውረው ይችላል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 80 በመቶው ተገርዘው ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 65 በመቶ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ ደግሞ 47 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ግን ከ10 ሴቶች ከ9 በላይ የሚሆኑት ተገርዘው ተገኝተዋል።