ሆድ ሞልቶ ቁመት ሲያጥር

በድርቅ ዘመን በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ውስጥ ለአንድ ሰው ለአንድ ወር የሚሰፈረው ራሽን በደንቡ 15 ኪሎ ስንዴ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። በዝቋላ፣ በሰሃላ ወይም በአበርገሌ ቆላ ያደገ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ይህን ስፍር ያውቀዋል። እናቱ ከመጋዘኑ ደጅ ተሰልፋ ውላ ጆንያውን በአህያ ስታስጭን፣ አህያ ከሌላትም በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አይቷል።

ስሌቱን ወረቀት ላይ እንሥራው። 15 ኪሎ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ኪሎ ስንዴ ይሆናል፤ ይህ 1,700 ካሎሪ ገደማ ነው። ጥራጥሬው 170 ያህል፣ ዘይቱ 120 ገደማ ይጨምርበታል። ሲደመር 2,000 ይጠጋል። ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን ያስፈልጋል የሚሉት ልክ 2,100 ስለሆነ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ይገጥማል። ያ ካሎሪ ከምን እንደመጣ ስንጠይቅ ግን ከአራት እጅ ሦስቱ ካርቦሃይድሬት ሆኖ እናገኘዋለን። ወተት የለበትም፤ እንቁላል የለበትም፤ ጎመን የለበትም።

ስሌቱ ከንቱ ነበር አልልም። በ1977 ዓ.ም. በዋግና በአካባቢው እህል በጊዜ የደረሰለት ተረፈ፤ ያልደረሰለት አለቀ። በረሃብ ቀን ካሎሪ ማለት ነፍስ ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ረሃብን በዓይኑ አላየም። ጥያቄው የሚመጣው ነፍስ ከተረፈች በኋላ ነው።

ይኸው ጥያቄ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በሌላ መልክ ይነሣል። አንዷ የበላችውን ሁሉ ስልኳ ላይ እየመዘገበች በቀን ከ1,500 ካሎሪ ላለማለፍ ትጠነቀቃለች። ጓደኛዋ ደግሞ ቁጥር አትፈልግም፤ «እንጀራ አቁሜአለሁ» ትላለች። ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝና ስኳርም አብረው ቀርተዋል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አቮካዶና ሰላጣ ትበላለች። ሎው ካርብ ወይም ኪቶ የሚባለው ይህ ነው። የልደት ድግስ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ክርክሩ አያልቅም፤ አንዷ ዋናው ስንት እንደበላሽ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ምን እንደበላሽ ነው ትላለች። እኔ ለዚህ ክርክር መልስ የማገኘው የዋግ ዋና ከተማ በሆነችው በሰቆጣ ነው፤ የዋግ ልጆች ቁመት ከማንኛውም የዳይት መጽሐፍ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ጽፎታልና።

በመጀመሪያ የክብደቱን ነገር ልጨርስ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቹ 609 ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። ግማሹ ቅባት ቀነሰ፣ ግማሹ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ። ካሎሪ ቁጠሩ አልተባሉም። ለሁለቱም ወገን የተሰጠው ምክር አትክልት አብዙ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት አርቁ የሚል ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ሲወጣ ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። በየቡድኑ ውስጥ በነበሩት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነበር። አንዱ ከ20 ኪሎ በላይ ሲቀንስ ሌላው ጭራሽ ጨምሯል።

እንጀራ ያቆመ ሰው የሚከሳው እንጀራ መርዝ ስለሆነ አይደለም። ደህና አድርጎ የተጋገረ አንድ እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን ከ400 እስከ 500 ካሎሪ ይሰጣል፤ ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ነው። እንጀራው ሲቀር ግን አብሮት የሚቀር ብዙ ነገር አለ። ወጡ የሚጠቀለልበት የለም፤ የሚደገም ጉርሻ የለም፤ ከትሪው ጋር ተቀምጦ የሚቆየው ሰዓት ያጥራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወርደው ክብደትም አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሰውነት ያስቀመጠው ስኳር ሲያልቅ ይዞት የነበረውን ውሃ ይለቀዋል። ሥጋና እንቁላል ደግሞ ቶሎ ያጠግባሉ። ስለዚህ «ምን» የሚለውን መንገድ የመረጠው ሰው ሳይቆጥር «ስንት» የሚለውን ቀንሷል። እኔም ለአራት ወር እንጀራ አቁሜ ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ሳምንት የበላሁትን ሁሉ በወረቀት ስጽፍ ከበፊቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሶ አገኘሁት።

ቆጣሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚስቱት ዘይቱ ላይ ነው። እንጀራውን ይመዝናሉ፤ በወጡ ውስጥ የገባው ዘይት ግን የሚታይ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ሦስት ማንኪያ የገባበት ወጥ እንጀራውን ሊስተካከል ምንም አልቀረው። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የስኳር ሕመም ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም እንክብል የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ካርቦሃይድሬት በድንገት መቁረጥ የለበትም፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ተመራማሪ ያደረገው ሙከራ ብዙ ጊዜ ይታወሰኛል። 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንት በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል ብቻ ሲበሉ ቆዩ። ምግባቸው ዳቦ፣ ድንች፣ ጎመንና ማካሮኒ ነበር። ክብደታቸው በአራተኛ እጅ ወረደ። ሌሊትና ቀን ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፤ በረዳቸው፤ ከሰው ሸሹ። የሙከራው ዓላማ በጦርነት የተራቡ ሰዎች እንዴት እንደሚያገግሙ ማወቅ ነበር። ዛሬ ያ ቁጥር ለዳይት በሚታዘዝ ወረቀት ላይ እንደ ቀላል ነገር ይጻፋል። ትልቅ ሰው ግን ከዚያ ይመለሳል፤ የሚኒሶታዎቹም ተመልሰዋል። ያመለጠውን ጊዜ መመለስ የማይችለው ሕፃን ነው።

አሁን ወደ ሰቆጣ።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ሲመጣ እህሉ የሥራ ክፍያ ሆነ፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ፣ በወር 5 ቀን። ሲባዛ ያው 15 ኪሎ ነው። እርከን ተሠራ፣ መንገድ ተጠረገ፣ ብዙ ቤተሰብ ከብቱን ሳይሸጥ ክረምቱን አለፈ። ጆንያው ቤት ሲገባ ግን ያው 15 ኪሎ ሆኖ አይቆይም። ከላዩ የወፍጮ ይከፈልበታል፤ በዝርዝሩ ያልተካተተ ጎረቤት ይካፈለዋል፤ ጨው፣ በርበሬና ቡና ለመግዛት ጥቂቱ ገበያ ይወጣል። የቀረው ቂጣ ሆኖ፣ ንፍሮ ሆኖ ይበላል። ሕፃኑ የሚደርሰው ከዚያው ነው፤ ወይ በሽሮ የራሰ ቂጣ፣ ወይ ቀጠን ያለ አጥሚት። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። አጥሚቱ ሲቀጥን ሆዱ በውሃ ይሞላና ያለቅሳል ተብሎ የሚፈራው ልጅ ይተኛል። ጠግቧል ይባላል።

ትምህርት ቤት ስንማር ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለን ከፍለን ነበር። ያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ሦስት መስመር ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለውን የዋግን ዘመን በሙሉ ይገልጸዋል፤ ኃይል ሰጪው በጆንያ መጣ፣ ሁለቱ ቀሩ።

ችግሩ አገር አቀፍ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት ወደ 38 በመቶ ወርዷል፤ ትልቅ ለውጥ ነው። በዚያው ጥናት ግን ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው መቀንጨር የተመዘገበው በአማራ ክልል ነው፤ 46 በመቶ። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ በብዛት ለአገር የሚያቀርበው ክልል የራሱ ልጆች ከሁሉ አጠሩ። ጎተራው እንደ ዋግ በሚራቆትበት ብቻ አይደለም፤ ሞልቶ በሚያድርባቸው ወረዳዎችም ልጆች ይቀነጭራሉ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በዓይነትም በመጠንም ተገቢውን ምግብ የሚያገኙት በአገር አቀፍ ደረጃ 7 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያው ጥናት መዝግቧል። ቀደም ብሎ በ2005 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት የሕፃናት የምግብ እጥረት አገሪቱን በአንድ ዓመት 55.5 ቢሊዮን ብር እንዳሳጣት አስልቶ ነበር፤ ከዓመታዊ ምርቷ 16.5 በመቶ።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተወለደው ከዚህ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ፣ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገባ። ስሙን ከ1977ቱ ረሃብ ጋር ተያይዞ ከሚነሣው ከተማ ወሰደ። ሥራው ሲጀመር በተከዜ ተፋሰስ በአማራና በትግራይ በሚገኙ 33 ወረዳዎች ነበር፤ ጤና፣ ግብርና፣ ውሃ፣ ትምህርትና ሌሎችም መሥሪያ ቤቶች አንድ ላይ እንዲያቅዱ ታሰበ። እኔ ይህን ቃል ኪዳን የማነበው እንደ ኑዛዜ ነው። ለሠላሳ ዓመት ካሎሪ ስንቆጥር ኖረን ልጆቹ ግን አላደጉም የሚል ኑዛዜ። ውሃ ቢሮውም መጠራቱ ትክክል ነበር፤ ተቅማጥ ያልለቀቀው ልጅ የበላው ሁሉ አይቀርለትም።

በዋግ ውስጥ በአንድ የጋዝጊብላ ወረዳ ጤና ኬላ ያየሁት ነገር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሕፃኑን ክንድ በባለ ቀለሙ መለኪያ ጠቅልላ አየች። አረንጓዴ ነበር፤ ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ማለት ነው።

«እህቴ፣ ክንዱ ደህና ነው። አልከሳም» አለቻት።

እናትየው ልጁን እያቀፈች፣ «ታዲያ ስለምን አያድግልኝም? የጎረቤቴ ልጅ በአንድ መስቀል ያንሰዋል፤ ቁመቱ ግን በልጦታል» አለች።

መክሳትና መቀንጨር የተለያዩ መሆናቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። የከሳ ልጅ ዕርዳታ ያገኛል። ክንዱ ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ካነሰ ፕላምፒ ነት ይሰጠዋል፤ አንዱ ከረጢት 92 ግራም፣ 500 ካሎሪ። ውስጡን ስናየው ኦቾሎኒ፣ ወተት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው፤ ከካሎሪው ግማሽ ያህሉ ከቅባት ይመጣል። የሚሞት ልጅ ለማዳን ሲፈለግ ስንዴ ብቻ እንደማይበቃ ሁሉም ያውቃል ማለት ነው። የቀነጨረው ልጅ ግን ክንዱ ስላልከሳ ወደ ቂጣው ይመለሳል።

የዚያች እናት ግቢ ውስጥ ሦስት ዶሮዎች ነበሩ። እንቁላሉ የት ይሄዳል ስላት፣ ወደ ገበያ አለችኝ፤ ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለትልቋ ልጅ ደብተር። አልፈረድኩባትም። አንድ እንቁላል ሸጣ የምትገዛው እህል ለቤተሰቡ ሁሉ የሚደርስ ካሎሪ ነው፤ ለሕፃኑ ብትሰጠው የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው። በድሃ ቤት ከገንዘብ አንጻር ርካሹ ካሎሪ ምንጊዜም ካርቦሃይድሬት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፈቃድ የሚተወው እንጀራ ዋግ ላይ ብቸኛው ምርጫ የሆነው ለዚህ ነው። ሎው ካርብ ከሁሉ በፊት የገቢ ጉዳይ ነው።

የእንቁላልን ነገር ካነሣሁ አይቀር፤ በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ላሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ቢሰጣቸው መቀንጨር በግማሽ ገደማ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታየ። ተመሳሳይ ሙከራ ማላዊ ውስጥ ሲደገም ግን ያ ለውጥ አልታየም፤ የማላዊዎቹ ልጆች ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር። ስለዚህ ለዋግ ሕፃን የጎደለው አንድ ተአምረኛ ምግብ ነው ማለት አልችልም። ምድሩ ግን የሚሰጠው አለው። የአበርገሌ ፍየል በዝርያው የታወቀ ነው፤ ከተከዜ ግድብ ሐይቅ ዓሣ ይወጣል፤ የዋግ ማር በሩቅ ገበያ ይፈለጋል። አብዛኛው ወደ ከተማ ይጫናል። ጾሙም አለ። በዓመት ከግማሽ የማያንስ ቀን በሚጾምበት ቤት ሕፃኑ በሕጉ ባይገደድም፣ ለእሱ ብቻ ተብሎ ድስት አይጣድም፤ ድስቱ እንዳይነካካም ይፈራል። ካህናቱ ይህን ጉዳይ በአውደ ምሕረት ሲያስተምሩ ውጤቱ ከማንም ባለሙያ ምክር ይልቅ ይሰማል።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በወለህ ተጠለሉ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ያለ ቦታው ሄዷል ብለው በአገሪቱ ሁሉ ዕርዳታ ለወራት አቆሙ። በዚያው ክረምት በዝቋላ፣ በሰሃላና በአበርገሌ ዝናብ ጠፋ። ስለ ዓይነት መነጋገር የጀመረ ሕዝብ እንደገና ስለ መጠን ብቻ እንዲያስብ ተገደደ። የቃል ኪዳኑ ቀነ ገደብ ግን ያው 2022 ዓ.ም. ነው።

በጤና ኬላዋ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው ሚዛን ክብደት ብቻ ይለካል። በየወሩ የሚመዘገበውም እሱ ነው። ከመነሣቴ በፊት ባለሙያዋን የልጁን ቁመት እንድትለካልኝ ለመንኳት። የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ስላልነበራት እናቱ በበሩ መቃን ላይ አቆመችውና ባለሙያዋ በራሱ ልክ በከሰል አንድ መስመር አሰመረች። እናትየው መስመሩን በጣቷ እየነካች፣ «አይጥፋ፤ ለመስቀል መጥቼ አያለሁ» አለች።