ባለ ክንፉ መርሴዲስ 300 ኤስኤል
እ.ኤ.አ. በ1954 በኒውዮርክ ለሕዝብ የቀረበው መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስኤል፣ በ1952 በፈረንሳይ የ24 ሰዓቱን የለማን ውድድር ካሸነፈው የእሽቅድምድም መኪና የተወለደ ሲሆን፣ ውበቱንም በአብዛኛው ያገኘው ከምሕንድስና ግዴታ ነው። ሻንሲው፣ ማለትም አካሉን የሚሸከመው አጽም፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ተበይዶ ተሠራ፤ ቱቦዎቹም በጎን በኩል ከፍ ብለው ስለሚያልፉ የተለመደውን በር መግጠም ስላልተቻለ፣ በሮቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለው እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ እንዲከፈቱ ተደረገ። አሽከርካሪው ከፍ ያለውን ደፍ ተሻግሮ መቀመጥ እንዲችል መሪው ራሱ ይታጠፋል። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ወደ ጎን አጋድሎ በመተከሉ ኮፈኑ ዝቅ ሊል የቻለ ሲሆን፣ ቤንዚኑም በካርቡሬተር ከአየር ጋር ተደባልቆ ከመግባት ይልቅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል። እስከ 1957 ድረስ የተመረቱት ባለ ክንፍ መኪኖች 1,400 ብቻ ቢሆኑም፣ ለጌጥ ሳይሆን ለሥራ የተሰመረ መስመር ምን ያህል እንደሚያምር ዛሬም ያስመሰክራሉ።